ለክቡር ፖሊፊኖል ኦክሲዴዝ (ድንችን ለሚያጠቁረው ኢንዛይም) የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ ከድንች ልጣጭ ሥር ስለሚፈጸም ማጥቆር ቅሬታ ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጨዋነትዎ ያለኝን አድናቆት እገልጻለሁ። ድንቹ ወድቆ ሲነሣ ልጣጩ እንዳማረበት ይቆያል፤ ገዢውም አገላብጦ አይቶ እንከን የለውም ብሎ ይወስደዋል። እርስዎ ግን ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ፣ ቢላዋው ልጣጩን ሲያነሣ፣ ወደ ሰማያዊ በሚያደላ ጥቁር ብልዝ ይቀበሉታል።

በሰላሙ ጊዜ እርስዎ በድንቹ ሕዋስ ውስጥ በስታርች ማደሪያዎቹ አካባቢ፣ እርስዎ የሚያጠቁሯቸው ውሁዶች ታይሮሲንና ክሎሮጀኒክ አሲድ ደግሞ በቫኪዩሉ (በሕዋሱ የፈሳሽ ከረጢት) ውስጥ ተዘግቶባቸው፣ በስስ ሽፋኖች ተለያይታችሁ በመልካም ጉርብትና ትኖራላችሁ። ሽፋኖቹ በምት በተቀደዱ ጊዜ ግን ሁለቱን የመዳብ አተሞችዎን ታጥቀው፣ ኦክስጅንን አስከትለው ታይሮሲን ላይ ይወርዳሉ። መጀመሪያ ዶፓ፣ ቀጥሎም ዶፓኩዊኖን ወደሚባሉ ውሁዶች ይለውጡታል። የቀረውን ሥራ ዶፓኩዊኖን በአብዛኛው በራሱ ስለሚጨርሰው እርስዎ እጅዎን ታጥበው ይቀመጣሉ፤ ሥጋው መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ቡናማ ይልና በመጨረሻ ሜላኒን ሆኖ ይጠቁራል። ሜላኒን የሰውን ቆዳና ፀጉር የሚያስውብ ቀለም በመሆኑ ሙያዎን አንንቅም፤ ድንቹ ግን ይህንን ውበት ስለመጠየቁ ማመልከቻ አላገኘንም። (ድንች ከበሰለ በኋላ ግራጫ የሚሆነው በብረትና በክሎሮጀኒክ አሲድ ሽርክና ስለሆነ፣ ይህንን በእርስዎ ላይ አልደረብንም።)

«ጥፋቱ የጣለው ሰው ነው» እንደሚሉ አንጠራጠርም፤ እውነት አለዎት። ድንቹን ቀዝቃዛ እንደሆነ የምንገለብጠው፣ ውኃው ጎድሎ እስኪላላ የምናቆየው፣ ፖታሲየም ባነሰው አፈር የምንዘራውም እኛው ነን።

ሙቀት እርስዎን ከሹመትዎ ይሽራል፤ አስቀድሞ የጠቆረውን ግን አያነጣም። ቫይታሚን ሲም ለተከተፈ ድንች ዶፓኩዊኖንን ወደ ዶፓ እየመለሰ ራሱ እስኪያልቅ ይከራከርልናል፤ ባልተላጠ ድንች ውስጥ ግን መግቢያ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ከቁጥጥር ነጻ ያደረገው ኢኔት የተባለው ድንች፣ በውስጡ የእርስዎን ጂን ዝም እንዲያሰኝ ተደርጎ መሠራቱን በዚህ አጋጣሚ እናስታውሳለን። ይህ ዕጣ በሌሎች ድንቾችም ሳይደርስብዎ በገዛ ፈቃድዎ ጡረታ ቢወጡ መሸኛውን በደስታ እንጽፋለን።

ከሰላምታ ጋር
ድንች ላጩ

ግልባጭ፦
ለታይሮሲን (ካሉ)
ለኦክስጅን (ባሉበት)