አባወራው ሲወጣ አብሮ የሚወጣ ኢንተርኔት

እዚህ ደብረ ማርቆስ፣ ከእኛ ቤት ሁለት አጥር አለፍ ብሎ፣ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ። ባለፈው ሰንበት ቡና ላይ «እኔማ ይህን የቤት ስልክ ላስነቅለው ነው። ማን ይደውልበታል? ሁሉም በየኪሱ ይዞ ይዞራል» አሉኝ። ልጆቻቸው ኢንተርኔት የሚያገኙት ከእሳቸው ሞባይል ላይ ነው። «ጋሼ፣ አያስነቅሉት፤ ይልቅ ብሮድባንድ፣ ማለትም ፈጣን የመስመር ኢንተርኔት፣ ያስገቡበት» ብዬ ተከራከርኳቸው። በረካው ተጠጥቶም አልተስማማንም። የቀረውን ክርክር እዚህ ልቀጥል።

ኢንተርኔት በሀገራችን የተጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። እኛ ቤት የደረሰው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ያውም በዳያል-አፕ፣ ማለትም እንደ ስልክ በመደወል በሚገባበት። ስልካችን ሳሎን ጥግ፣ ዳንቴል ለብሶ፣ እንዳይደወልበት ተቆልፎ ይቀመጥ ነበር፤ ቁልፉ የእናቴ መቀነት ጫፍ ላይ ይታሰራል። ኮምፒውተሩን ከስልክ መስመር የሚያገናኘው ሞደም ግን ቁልፍ አያውቅም። ገመዱን ከስልኩ ነቅዬ ኮምፒውተሩ ላይ ስሰካው ያ ሁሉ ጥበቃ ከንቱ ሆነ። እናቴ ያወቀችው የወሩ ሂሳብ ሲመጣ ነው። እስከዚያው ደግሞ ብቸና ያለችው አክስቴ «ከሰዓት ሙሉ ስደውል መስመሩ ተይዟል ይለኛል፤ ምን ሆናችሁ?» እያለች ስትጨነቅ ከርማለች።

ዳያል-አፕ ጣሪያው በሰከንድ 56 ኪሎቢት ነበር። 8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ ያ ማለት በሰከንድ 7 ኪሎባይት ነው። 3 ሜጋባይት የሚሆን ፎርም ለማውረድ፣ መስመሩ እንከን ባይኖረው እንኳ፣ ከ7 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። የእኛ መስመር እንከኑ ብዙ ነበር፤ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ተቋርጦ እንደ አዲስ መጀመር የተለመደ ነው። ያንኑ ፎርም በሰከንድ 2 ሜጋቢት የሚያሳልፍ ብሮድባንድ በ12 ሰከንድ ግድም ያወርደዋል።

ልዩነቱን ያመጣው አዲስ ሽቦ አይደለም። ዳያል-አፕ መረጃውን የሚያሳልፈው የሰው ድምፅ በሚሄድበት ጠባብ መንገድ ነው፤ ያ የሞደሙ ጩኸትም ሁለቱ ማሽኖች በስንት ፍጥነት እንደሚነጋገሩ ሲደራደሩ የሚሰማ ነበር። በስልክ መስመር የሚመጣው ብሮድባንድ፣ ኤዲኤስኤል የሚሉት፣ በዚያው ሁለት ክር መዳብ ላይ፣ ጆሮ በማይሰማው ከፍ ባለ ሞገድ ይሄዳል። ስለዚህ እናቴ ከአክስቴ ጋር እያወራች እኔም ኢንተርኔት ላይ መቆየት ቻልኩ። ደቂቃ የሚቆጥርብንም ቀረ። ቁልፉ ከመቀነቷ የወረደው ያን ጊዜ ነው፤ ለእኔ ከ12 ሰከንዱ ይልቅ ትልቁ ለውጥ ይኼ ነበር።

አሁን ወደ ጋሼ ቤት እንመለስ። የሞባይላቸው ዳታ ፈጣን ነው፤ እሱን አልክድም። ግን እሳቸው ዕድር ሲሄዱ ኢንተርኔቱም አብሯቸው ዕድር ይሄዳል። የ12ኛ ክፍል ተማሪዋ ልጃቸው የጀመረችው ፋይል ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ፓኬጁ ሊያልቅ ሲል «ዳታውን አጥፉ!» የሚል ድምፅ ከጓዳ ይሰማል። እንግዲህ ተራ መጠበቅ፣ በቆጣሪ መኖር፣ አንዱ ሲጠቀም ሌላው መቆም ዳያል-አፕ ካልሆነ ምንድን ነው? ፍጥነቱ ጨመረ እንጂ ጠባዩ ያው ነው። የመስመር ኢንተርኔት የቤቱ ነው፤ የሞባይሉ ግን በኪሱ የያዘው ሰው ንብረት ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ባሕር ዳር ላይ ሰው ዋይፋይ ያለው ሆቴል ፍለጋ ሲዞር እንደነበር የምናስታውሰው ነው።

ጋሼ ዝም ያሰኙኝ አንድ ቦታ ላይ ነው። «ዝናብ ሲጥል የሚጮህ ገመድ ምን ያደርግልኛል?» አሉ። እውነታቸውን ነው። የጎጃም ክረምት ደግሞ ቀልድ አያውቅም። እኛም ብሮድባንድ ባስገባን በመጀመሪያው ክረምት፣ ሰማዩ ሲጠቁር ራውተሩ ላይ ያለችው የመስመር መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ከዚያ ጠፋች ነው። ሁለት ጊዜ ባለሙያ መጥቶ ራውተሩን አጥፍቶ አብርቶ ሄደ። በመሀል ከፍ ያለ ፍጥነት ግዙ ተብለን ገዛን፤ ምንም አልተለወጠም። በሦስተኛው አንድ ጠና ያሉ ሰው መጡና ራውተሩን ሳይነኩ «መሰላል አለ?» አሉ። ጣሪያው ክፈፍ ሥር ሁለት ሽቦ በእጅ ተጠማዞ በናስትሮ ተጠቅልሏል። ናስትሮውን ሲፈቱት ውኃ ጠብ አለ፤ መዳቡ አረንጓዴ ዝጓል። ቆርጠው ጣሉት። መኝታ ቤት ያለው ተቀጥላ ስልክም የስልኩን ድምፅ ከኢንተርኔቱ የምትለየው ትንሿ ማጣሪያ አልተገጠመለትም ነበር፤ ስልክ በተደወለ ቁጥር መስመሩ የሚወድቀው ለዚያ ኖሯል። ሥራው አርባ ደቂቃ አልፈጀም።

እና የእኔ አቤቱታ ከጋሼ ጋር ሳይሆን ከሻጩ ጋር ነው። ሜጋቢት የሚሸጥ ሰው ከምሰሶው እስከ ግድግዳ ያለውን ገመድ መጀመሪያ ይለካ። ኤዲኤስኤል ከስልክ ጣቢያው በራቀ ቁጥር ይደክማል፤ ከ5 ኪሎ ሜትር ካለፈ በጣም ይደክማል፤ ከተማ ዳር ያለን ደንበኛ መሀል ካለው እኩል ማስከፈል የማይመስል ነገር ነው። መረጃን በብርሃን የሚያሳልፈው የፋይበር ገመድ ሠፈሩ የደረሰለትስ ይታደላል፤ ርቀቱም ዝናቡም ብዙ አያስጨንቀውም። ብቻ አንድ ነገር ይወቅ፤ የመዳቡ ስልክ 48 ቮልቱን ከጣቢያው ባትሪ ስለሚያገኝ መብራት ቢጠፋም ይሠራል፤ የፋይበሩ ሳጥን ግን የቤት መብራት ይፈልጋል። የእኛን ከተማ መብራት ለሚያውቅ ከዚህ በላይ መናገር አያስፈልገኝም፤ አነስተኛ ባትሪ አብሮ ይግዛ።

ስለ ክፍያው ጋሼን የጠየቅኳቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ በቤቱ ያሉት አራት ሞባይሎች በወር የሚገዙትን ፓኬጅ ደምረውት ያውቃሉ? አያውቁም። ልጅቷ ደብተር ይዛ መደመር ጀምራለች።

ገመዱን ግን እስካሁን ማንም ቀና ብሎ አላየውም። «መሰላል የለኝም» ብለዋል ጋሼ። ለመጪው ሰንበት የእኛን ተሸክሜ እሄዳለሁ፤ ክፈፋቸው ሥር ናስትሮ ካለ ባለሙያው ከመጠራቱ በፊት ፎቶ አነሳዋለሁ።