ፈረሶቹን አትለፏቸው

ስለ ድሮ አሜሪካ እሳት አደጋ ፖስትካርዶች የጻፋችሁትን ሁለቴ አነበብኩት፤ እጃችሁ ይባረክ። ቅር ያለኝ ፈረሶቹን በአንድ መስመር ማለፋችሁ ነው። ሦስቱ ጎን ለጎን ተጠምደው በእንፋሎት የሚሠራውን የእሳት ማጥፊያ ውሃ ፓምፕ ሲጎትቱ የሚታዩበትን ካርድ እስኪ አስተውላችሁ እዩት፤ አንገታቸው ተወጥሮ፣ ከኋላቸው የማሞቂያው ጭስ እየተግተለተለ! ጣቢያው ውስጥ የሚጠመዱበት ዕቃ ከጣሪያ ተንጠልጥሎ ነበር የሚጠብቃቸው። ደወሉ ሲሰማ የሠለጠኑት ፈረሶች ራሳቸው መጥተው ከሥሩ ይቆማሉ፣ ዕቃው ይወርድላቸዋል፣ ይቆለፋል፣ በሩ ይከፈታል። ኒውዮርክ የመጨረሻዎቹን ያሰናበተችው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው፤ እኔ ይህን ሳስብ ሆዴ ይባባል።

ካርዶቹ ለምን እንደበዙም ብትጠቅሱ ጥሩ ነበር። የካሜራ አምራቹ ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ1903 በፖስትካርድ ልክ የሚያነሳ ካሜራ አወጣ፤ በ1907 ደግሞ ከአድራሻው ጎን መልእክት መጻፍ ተፈቀደ። ከዚያ በኋላ የትንሽ ከተማ ፎቶ አንሺ የተቃጠለውን ሆቴል አንስቶ፣ አጥቦ፣ ለሰፈሩ ሰው ይሸጥ ጀመር።

አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1904 የአሜሪካዋ ከተማ ባልቲሞር ስትቃጠል ከዋሽንግተን፣ ከፊላደልፊያና ከኒውዮርክ ሳይቀር እርዳታ ደርሶላት ነበር። ግን የብዙዎቹ ቱቦ መግጠሚያ ጥርሱ ከከተማዋ የውሃ ማውጫ ጋር አልገጥም አለ። ያን ያህል መንገድ መጥቶ፣ እሳቱ ፊት ቆሞ፣ ውሃው እዚያው እያለ! ከ1,500 በላይ ሕንፃ ወደመ። የዚያ ፍርስራሽ ፎቶ በፖስትካርድ ወጥቷል፤ ካገኛችሁት እባካችሁ ከጽሑፉ ጋር አውጡት።