ያልደወለ አይቆጠርም

ሰሞኑን ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ፣ ጀበና ቡና ከሚሸጥበት ጥላ ሥር፣ የማውቃቸው ሁለት ሰዎች አጥብቀው ተከራከሩ። አንደኛው የትራንስፖርት ጥናት በሚሠራ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ የሚውል ወጣት ነው። ሌላኛው በከተማ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭነት ጀምረው በተቆጣጣሪነት ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው። ጠቡን ያመጣው ወጣቱ የከፈተው ካርታ ነው። የአዲስ አበባ ሕዝብ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ከሞባይል ስልክ መዝገብ አውጥቼ ሣልኩት አለ። ሰው ሲደውል፣ መልእክት ሲልክ ወይም ኢንተርኔት ሲከፍት ስልኩን ያስተናገደው የኔትወርክ ማማና ሰዓቱ ይመዘገባሉ፤ ከዚያ በኋላ ሰውየውን ከማማ ማማ መከተል ነው። «ጋሼ፣ ከእንግዲህ ወረቀት ይዞ ፌርማታ ላይ እየቆሙ ሰው መቁጠር ቀረ» ሲላቸው አዛውንቱ ስኒያቸውን አስቀመጡና «ልጄ፣ ያልደወለውስ?» አሉት።

«ያልደወለውም እንደደወለው ነው የሚሄደው» አለ ወጣቱ። «ቁጥሩ ሲበዛ ስሕተቱ ይጠፋል።» ብዛት የሚባለውን ነገር እንደ ጸበል በሁሉም ላይ ይረጨዋል።

አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል አለ ያገሬ ሰው። አሁን ደግሞ ካልደወሉ አውቶቡስም ይቀራል በለኛ!»

ክርክሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ እንኳ እርሳቸው ረትተው ነበር። ብዛት የሚያጠፋው በአጋጣሚ የመጣን ስሕተት ነው። ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ መዝገብ ግን ሚሊዮን ጊዜ ቢባዛም እንዳዘነበለ ይቀራል።

ቡና የምታፈላው ሴት ዝም ብላ ስትሰማ ነበር። አዛውንቱ «እስቲ ስልክሽን አሳዪው» አሏት። ከመቀነቷ አወጣችው፤ ቁልፎቹ የተፋቁ፣ የጀርባ ክዳኑ በላስቲክ የታሰረ፣ ያን ጊዜም የጠፋ ስልክ ነው። ባትሪው ቀኑን ሙሉ ስለማይዘልቅ የምታበራው ከሰዓት በኋላ ነው። ንጋት 11 ሰዓት ከጀሞ ትነሣለች፤ ሜክሲኮ ከታክሲ ወርዳ ፔርሙዙንና ስኒውን ተሸክማ በእግሯ እዚህ ትደርሳለች። ማታ ታክሲ ስትይዝ ለልጇ ሚስኮል ታደርጋለች፤ ልጅቷ እንዳታነሣ ተነግሯታል። ያልተነሣ ጥሪ ሒሳብ ስለሌለው ለክፍያ በሚያዘው መዝገብ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ቦታ የለውም። እንግዲህ በወጣቱ ካርታ ላይ ይህች ሴት ከሰዓት በኋላ ቴአትር ቤቱ ጀርባ ብቅ ብላ ትጠፋለች። ከጀሞ የመጣችበት መንገድ የለም። ከጎኗ ቡና የሚጠጣው የባንክ ሠራተኛ ደግሞ ዘመናዊ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ሆኖ ሳይነካው ከኢንተርኔት ጋር ስለሚገናኝ፣ ቀኑን ሙሉ የደረሰበት ሁሉ ይታወቃል። የሁለቱ መንገድ እኩል አልታየም፤ አውቶቡስ የምትፈልገው ግን እርሷ ናት።

ወጣቱ፣ አሁን ሳይደወልም ስልክና ማማ የሚለዋወጡት ምልክት ይመዘገባል አለ። እውነት ነው፤ እንዲህ ያለው መዝገብ ከጥሪ መዝገብ ይሻላል። የጠፋ ስልክን ግን እርሱም አያየውም። ስልክ የሌለውን ተማሪና ከባሏ ጋር አንድ ስልክ የምትጋራ ሚስትንም አያያቸውም። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» አሉ አዛውንቱ ደግመው፤ ወጣቱ በዚህ ጊዜ ሰዓቱን አየ።

የሰው መኖሪያ እንዴት እንደሚታወቅ ሲጠየቅ፣ ስልኩ ሌሊት የሚያርፍበት ማማ አካባቢ ቤቱ ነው ይባላል አለ። ከለገሃር እስከ ብሔራዊ ቴአትር የተደረደሩትን የባንክና የመድን ፎቆች ሌሊቱን ሙሉ የሚጠብቁት ዘበኞች እንግዲህ የመሀል ከተማ ነዋሪዎች ሆነዋል! ጠዋት ደክሟቸው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ካርታው ወደ ሥራ እየሄዱ ነው ይላል።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን የታክሲ ሰልፉ ነገር ነው። መሀል ከተማ ማማዎቹ ስለሚቀራረቡ አንዱ ሲጨናነቅ ስልኩ ወደ ሌላው ይዘላል፤ ስታዲየም አጠገብ የተቀመጠ ሰው ለገሃር ደርሶ የተመለሰ ይመስላል። ወጣቱ ይህን አልካደም። «እናጣራዋለን፤ ሰው አንድ ቦታ ግማሽ ሰዓት ከቆየ ጉዳዩ እዚያ ነው ብለን እንይዛለን» አለ። አዛውንቱ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «ሜክሲኮ ሰልፍ ላይ አንድ ሰዓት የሚቆመው ሰው ጉዳዩ ሜክሲኮ ነው? ጉዳዩ ቤቱ መግባት ነው!» ከካዛንቺስ ጀሞ የሚሄድ ሰው አንድ ጉዞው ለሁለት ተቆርጦ፣ አንዱ ሜክሲኮ ላይ ያበቃል፣ ሌላው ከሜክሲኮ ይጀምራል። የታክሲ እጦት ያስቆመው ሰው ወዶ የቆመ ሆነ። ሰልፉ በረዘመ ቁጥር ሜክሲኮ ተፈላጊ መዳረሻ መሆኗ ይመሰከራል፤ ከካዛንቺስ በቀጥታ ጀሞ የሚያደርስ አውቶቡስ እንደሚያስፈልግ ግን ማንም አያይም። ይህን የሚያውቀው ሰልፉ ላይ የቆመ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱን ደግሞ የጠየቀው የለም።

በእግር ስለሚሄደው ብዙ አልተባለም። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር ነው። ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ የሚወጣው ተሸካሚ በአንድ ማማ ክልል ውስጥ ደርሶ ከተመለሰ ለመዝገቡ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።

ወጣቱ በመጨረሻ የውጭ አገር ምስክር ጠራ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 የአይቢኤም ተመራማሪዎች ኦሬንጅ ከተባለ የስልክ ኩባንያ የተገኘ የጥሪ መዝገብ ተጠቅመው በኮትዲቯር የአቢጃን ከተማ አውቶቡሶች መስመር ቢስተካከል የጉዞ ጊዜ በ10 ከመቶ ሊቀንስ እንደሚችል አሳይተዋል አለ። በዚያው ዓመት ስለ ኬንያ የታተመ ጥናትም፣ ስልክ ያለውና የሌለው ቢለያይም ግምቱ ያን ያህል አይዛባም ብሏል አለ። ጥሩ። የኬንያው ግን አገር አቋራጭ ጉዞን የተመለከተ እንጂ ከሜክሲኮ ለገሃር ያለውን አይደለም። የአቢጃኑም በኮምፒውተር የተሠራ ስሌት ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሁለት ሲም የያዘው ብዙ ነው፤ የአንዱ ኩባንያ መዝገብ የሰውየውን ግማሽ ቀን ብቻ ቢያሳይስ?

ደግሞስ የደወሉትን ወደ ሙሉ ሕዝብ ለማባዛት ስንት ሕዝብ እንዳለ ማወቅ አይገባም? አገሪቱ ሕዝቧን ለመጨረሻ ጊዜ የቆጠረችው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ነዋሪ ነበራት። ቀጣዩ ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። በዚህ መሀል እነ ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ፈርሰው ነዋሪው ወደ ከተማው ዳርቻ ተነሥቷል። ከዚያ በፊት የተሰበሰበ መዝገብ ይዞ የፒያሳን ሰው ጉዞ የሚተነትን የሌለ ሰፈር እያጠና ነው።

ነገሩ ከስልክ ያልፋል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በከተማችን ነዳጅ የሚቀዳው በስልክ ተከፍሎ ነው፤ ጉዳይ ሲኖርህ ቁጥርህን አስገባ ትባላለህ፤ ስልክ የሌለው ሰው ከሰው ተራ እየወጣ ነው። የወረዳ ስብሰባ ላይም የሚናገረው ያው የለመደው ሰው ነው፤ የእርሱ ጥያቄ የነዋሪው ጥያቄ ተብሎ በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ማለት ተናጋሪውን ለማበረታታት የተባለ ነበር፤ እኛ ዝም ያለውን ለመዝረፍ ፈቃድ አደረግነው። ሹሙም ምሁሩም ከቢሮው ሳይወጣ ሕዝቡን አወቅሁት ይላል፤ ወርዶ መጠየቅ እንደ ውርደት ተቆጥሯል። ፌርማታ ላይ ቆጣሪ ይቁም ሲባል ወጪው ብዙ ነው ይሉናል። ለአንድ ጎዳና የጌጥ መብራት የሚወጣው ገንዘብ ስንት ወጣት ወረቀት አስይዞ ሜክሲኮ ሰልፍ ዳር ሊያቆም ይችል እንደነበር እስቲ ያስሉት።