የ97ቱን ወረቀት አታቃጥሉት

ባለፈው ክረምት ደብረ ማርቆስ አክስቴ ቤት ጣሪያው አፈሰሰና የልብስ ሳጥናቸውን ከጥግ አነሳነው። ከጋቢው ሥር ተጣጥፎ የተቀመጠ ቲሸርት ወጣ። ደረቱ ላይ ንብ አለች። ስንዘረጋው ከውስጡ አንዲት በራሪ ወረቀት ወደቀች። እሷ ላይ ደግሞ ሁለት ጣት። አክስቴ ሁለቱንም ተቀበሉኝና «ቲሸርቱ የጋሽህ ነው፤ ወረቀቱ የልጄ» አሉኝ። በዚያ ሰሞን አባትና ልጅ ሳይነጋገሩ ከራት ይነሱ ነበር። እሳቸው ግን የሁለቱንም አስቀመጡ።

ልጅ ለነበራችሁ ልንገራችሁ። ንቧ የገዢው የኢሕአዴግ፣ ሁለቱ ጣት የተቃዋሚው የቅንጅት የምርጫ ምልክት ነበሩ። ምርጫው ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። ማንበብ የማይችል መራጭ ብዙ ስለነበር ምልክቱ ትልቅ ነገር ነበር።

ያ ሁሉ ወረቀት ታዲያ የት ገባ? ቲሸርቱ እርሻ ላይ አለቀ። ፖስተሩ ከጋዜጣ ጋር ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ጭስ በላው። በራሪው ቆሎ ተጠቀለለበት። የተረፈውን ደግሞ ከምርጫው በኋላ ነገሩ ሲከር ሰው እየፈራ ምድጃ ውስጥ ከተተው። አልፈርድበትም። በ1983 መንግሥት ሲለወጥም የስንቱ ቤት የኢሠፓ፣ የደርጉ ፓርቲ፣ የአባልነት ደብተር ዕጣው ይኸው ነበር። እኛ ጋ ወረቀት ያስጠይቃል።

አሜሪካኖች ለዚህ ነገር ያላቸው ልብ ያስቀናኛል። እ.ኤ.አ. በ1896 ማኪንሊና ብራያን ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ በሴሉሎይድ የተሸፈነ የደረት ባጅ በገፍ ተሠራ። ቆርቆሮ፣ ወረቀት፣ ስስ ሽፋን፣ ከጀርባው መርፌ፤ በቃ። ዛሬ ሰው እያደነ ይሰበስበዋል። ሰብሳቢዎቹ ከ1945 ጀምሮ ማኅበር አላቸው። አስመስሎ የተሠራ ባጅ የተሠራበት ዓመት እንዲጻፍበት የሚያስገድድ ሕግም በ1973 ወጥቶላቸዋል። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። በ1920 ለፕሬዚዳንትነትና ለምክትልነት አብረው ቀርበው የተሸነፉት ኮክስና ሩዝቬልት አብረው የሚታዩበት ባጅ በጣም ከሚፈለጉት አንዱ ነው። የተሸነፈ ተብሎ አልተጣለም።

ጎጃም ውስጥ የእንዲህ ዓይነት ዕቃ ሳጥን ያላችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ አትጣሉት። ላሚኔት አታስደርጉት፤ ሙቀቱና ፕላስቲኩ ወረቀቱን ያበላሹታል። ቲሸርቱን ለማንጣት ብላችሁ በረኪና አታስነኩት። ባጅ ካላችሁ ከእርጥበት አርቁት፤ የእኛ ክረምት ቆርቆሮ አይምርም። ከወረቀቱ ጀርባ በእርሳስ የማን እንደሆነ፣ የት እንደታደለ፣ መቼ እንደሆነ ጻፉ። ይህ ካልተጻፈ ዕቃው ግማሹ ጠፋ ማለት ነው።

ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ለዚህ አንድ መደርደሪያ ቢሰጡ ምን ይጎዳቸዋል? የንቡንም የጣቱንም፣ የአሸናፊውንም የተሸናፊውንም፣ ባለቤቱን ለምን ይዘኸው ቆየህ ሳይሉ የሚቀበሉበት መደርደሪያ ነው የምለው።

የአክስቴ ልጅ አሁን ውጭ አገር ነው። የወረቀቷን ፎቶ ላክሁለት። «ማን እንደሰጠህ ታስታውሳለህ?» አልኩት። ወዲያው ደወለ። ስለ ወረቀቷ ሁለት ደቂቃ አወራ። የቀረውን ሰዓት ሙሉ ስለ አባቱ።