ጨጓራውን ሳያዩ «ሆዳም» ማለት

«ቀዶ ጥገናው አይሳሳትም፤ የሚሳሳተው ታካሚው ነው።» ሰሞኑን በአንድ የጤና ውይይት ላይ፣ ክብደት መቀነሻ ቀዶ ጥገና ተሠርቶላቸው ኪሏቸው ስለተመለሰባቸው ሰዎች የተጠየቁ አንድ ባለሙያ የሰጡት መልስ ነው። ማስረጃቸውንም አስከተሉ፦ ለሁሉም የሚሠራው አንድ ዓይነት ቀዶ ጥገና ስለሆነ፣ አንዱ ቀንሶ ሌላው ካልቀነሰ ልዩነቱ ራስን በመግዛት ላይ ነው አሉ። አወያዩም አመስግኖ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ አለፈ። በዝምታ የሚታለፍ ንግግር ግን አልነበረም።

ስሕተቱ የሚጀምረው «አንድ ዓይነት» ከሚለው ቃል ነው። በወረቀት ላይ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ቀዶ ጥገናዎች ሆድ ውስጥ ሲታዩ ፈጽሞ ላይመሳሰሉ ይችላሉ፤ ይህንን ደግሞ ከቀዶ ሐኪም በላይ የሚያውቅ የለም። ስሊቭ የሚባለውን እንይ። በአፍ በኩል ወደ ጨጓራ ለስላሳ ቱቦ ይገባል። ሐኪሙ ያንን እንደ ልክ ይዞ፣ ከጨጓራው መውጫ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቆ ይጀምርና በስቴፕለር እየሰፋና እየቆረጠ ወደ ላይ ይወጣል። ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣል፤ የሚቀረው ሙዝ የመሰለ ቀጭን ከረጢት ነው። የቱቦው ውፍረት ከሐኪም ሐኪም ይለያያል፤ 11 ሚሊ ሜትር የሚጠቀም አለ፣ 13 የሚጠቀምም አለ። ስቴፕለሩ ቱቦውን ምን ያህል ተጠግቶ እንደሄደም የሚወስነው የሠሪው እጅ ነው። አለልክ ከተጠጋ ከረጢቱ ወገቡ ላይ ይጠብባል፤ ከራቀ ደግሞ ከመነሻው ሰፊ ሆኖ ይቀራል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ላይኛው ጫፍ ነው። የጨጓራው ጣሪያ ደረትንና ሆድን ከሚለየው ጡንቻ ከድያፍራም ሥር፣ ከጣፊያ አጠገብ ተሸጉጧል። ስብ በሞላበት ሆድ ውስጥ እዚያ ድረስ ገልጦ መግባት ከባድ ነው። ጣፊያ ሊደማ ይችላል፤ ስፌት የሚያፈስሰውም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው አካባቢ ነው። ስለዚህ እጁ የፈራ ሐኪም ከጣሪያው ጥቂት ትቶ ይዘጋል። ያ የቀረው ቁራጭ ግን ከጨጓራው ሁሉ በቀላሉ የሚለጠጠው ክፍል ነው፤ ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለው ሆርሞን በብዛት የሚመነጨውም ከዚሁ ነው። እያደር ቁራጩ ይሰፋና ሌላ ከረጢት ይሆናል፤ ሰውየው ይርበዋል፣ ይበላል፣ ኪሎው ይመለሳል። ያኔ «በልቶ በልቶ ለጠጠው» ይባላል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ይሏል ይህ ነው።

ጨጓራው ለሁለት ተከፍሎ ትንሹ የላይኛው ክፍል በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር በሚገጠምበት በባይፓስም ያው ነው። ከላይ የሚቀረው ከረጢት 30 ሚሊ ሊትር ገደማ እንዲሆን ይፈለጋል፤ ከትንሹ አንጀት ጋር የሚገናኝበት ቀዳዳም ጠባብ መሆን አለበት። ቀዳዳው ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሰፋ ምግቡ ከረጢቱ ውስጥ ሳይቆይ ይወርዳል፣ የጥጋብ ስሜቱም አብሮት ይሄዳል። አንዳንዴም በከረጢቱና ተለይቶ በቀረው በቀድሞው ጨጓራ መካከል መሹለኪያ ይከፈትና ምግቡ የድሮ መንገዱን ይይዛል። ይህን በጾምም በጸሎትም፣ በቁርጠኝነትም መድፈን አይቻልም። ለማየት ግን በራጅ ላይ ጎልቶ የሚታየውን ባሪየም የተባለ ፈሳሽ ጠጥቶ ራጅ መነሳትና ኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ውስጡን የማየት ምርመራ፣ ማድረግ ይበቃል። እነዚህን ሁለቱን ሳያዝዙ ፍርድ መስጠት ሕክምና አይደለም፤ ስድብ ነው።

ደግሞስ ኪሎ መመለሱ ራሱ እንደ ጉድ የሚወራው ለምንድን ነው? ክብደት ወደ ዝቅተኛው ደረጃ የሚወርደው ከ1 እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ የተወሰነ መመለስ የተለመደ ነው። በስዊድን በ1987 ተጀምሮ ከ4,000 በላይ ሰዎችን የተከታተለው ጥናት እንዳሳየው፣ ባይፓስ የተሠራላቸው ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአማካይ ከክብደታቸው 32 በመቶ ያህል ቀንሰው ነበር፤ በ10ኛው ዓመት ቅናሹ 25 በመቶ ሆኗል። ሆዳምነት የአንድን ቡድን አማካይ እንዲህ በአንድነት አይጎትትም። ሰውነት ክብደት ሲያጣ የሚያቃጥለውን ኃይል ይቆጥባል፣ የረሃብ ምልክቱን ያጠነክራል፤ ቀዶ ጥገናው ይህን ትግል ያቀልለዋል እንጂ አይሰርዘውም። በዚያው ጥናት የስኳር ሕመም ኖሮባቸው ቀዶ ጥገና ከተሠራላቸው ሰዎች መካከል ከሕመሙ ነጻ የሆኑት በ2ኛው ዓመት 72 በመቶ ሲሆኑ በ10ኛው ዓመት 36 በመቶ ነበሩ። ለብዙ ዓመታት ኢንሱሊን ሲወጋ ለኖረ ሰው «ስኳርህ ይጠፋል» ብሎ ቢላዋ ማንሳት ከመነሻው የተሳሳተ ተስፋ መስጠት ነው።

የቀዶ ጥገናው ዓይነት ምርጫስ? ቃር ለሚያሠቃየው ሰው ስሊቭ መሥራት ችግርን መጋበዝ ነው። በፊንላንድ ሁለቱን ቀዶ ጥገናዎች ለ10 ዓመት ያነጻጸረው ጥናት የምግብ ቧንቧ ቁስለት በስሊቭ 31 በመቶ፣ በባይፓስ 7 በመቶ ላይ አግኝቷል። ቃር ያቃጠለው ወይም ከረጢቱ የጠበበበት ሰው ሥጋና ጠጣር ምግብ አይወርድለትም፤ የሚወርድለት አይስክሬም፣ ቸኮላት፣ ጣፋጭ መጠጥ ነው። ከውጭ ለሚያየው የሥነ ሥርዓት ጉድለት ይመስላል። የሕመም ምልክት ነው።

አዎን፣ ቀኑን ሙሉ ጥቂት ጥቂት የሚቀማምሱ፣ ካሎሪያቸውን በፈሳሽ የሚጠጡ አሉ። አልኮል የሚያዘወትሩም አሉ፤ ነገር ግን ከባይፓስ በኋላ አልኮል ወደ ደም ፈጥኖ እንደሚገባና የመጠጥ ሱስ አደጋ እንደሚጨምር አስቀድሞ የነገራቸው ማን ነው? በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን እንደሚያስፈልግ፣ ከምግብ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይጠጡ መቆየት እንደሚገባ፣ ካልሲየምና አይረን ቢያንስ በ2 ሰዓት ተራርቀው እንደሚዋጡ፣ የቪታሚን ቢ12 ክትትል ዕድሜ ልክ እንደሆነ ማን አስረዳቸው? ስፌት ፈትቶ «በርታ» ብሎ መሸኘት ክትትል አይባልም። ማስመለስ ያላቆመለት ሰው ታያሚን (ቪታሚን ቢ1) ሳይሰጠው ግሉኮስ ቢተከልለት አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል፤ ይህም የፈቃደ ደካማነት ውጤት ነው ሊሉን ነው?

የመድኃኒት ዝርዝሩንም የሚያነብ የለም። ኢንሱሊን፣ ስቴሮይድ፣ እንደ ኦላንዛፒን ያሉ የአእምሮ ሕክምና መድኃኒቶች፣ እንደ ሚርታዛፒን ያሉ የድባቴ መድኃኒቶች ክብደት ይጨምራሉ። አንዱን መድኃኒት በሌላ መተካት ከወራት ተግሣጽ የበለጠ ሊሠራ ይችላል።

ኪሎው የተመለሰበት ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የቀዶ ጥገናው ሪፖርት ይውጣ፤ ምን ያህል ተቆረጠ፣ በምን ልክ፣ ጣሪያው ተነሥቷል ወይስ አልተነሣም? ቀጥሎ ባሪየምና ኢንዶስኮፒ፣ የደም ምርመራ፣ የመድኃኒት ዝርዝር። የምግብ ማስታወሻው ከእነዚህ በኋላ ይጠየቅ። ችግሩ የአካል ከሆነ እርማት ቀዶ ጥገና አለ፤ የሰውነት ትግል ከሆነ ሊራግሉታይድና ሴማግሉታይድ የተባሉ የምግብ ፍላጎት የሚቀንሱ በመርፌ የሚሰጡ መድኃኒቶች አሉ፤ መርፌውን መጀመርም ሽንፈት አይደለም። ባለሙያው ያንን ቃል የተናገሩት ብዙ ሰው በሚሰማው መድረክ ነው፤ ዛሬ ያፈሩና ወደ ክትትል መመለስ የተዉ ሰዎች እንዲመጡ ማረሚያውንም በዚያው መድረክ ይናገሩት።