ሆድ ያባውን ሽሮ ያወጣዋል

ለ11 ዓመታት በየቅዳሜው ጥሬ ሥጋ በልቻለሁ። በዛሬው የሥጋ ዋጋ ይህን ስናገር የሚቀናብኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ቅናቱን ከመጀመሩ በፊት ግን አንድ ነገር ይወቅልኝ፤ እኔ ጥሬ ሥጋ አልወድም። ሽታው ያቅለሸልሸኛል፣ ሲታኘክ አፌ ውስጥ የሚያሰማው ድምፅ ይቀፈኛል፣ አዋዜውና ሚጥሚጣውም ከጨጓራዬ ጋር የቆየ ጠብ አላቸው። ሆኖም ሃያ ሁለት አካባቢ በምትገኝ አንዲት ሉካንዳ፣ መስኮቱ አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ፣ ከቅርብ ወዳጄ ፊት ለፊት ተቀምጬ፣ ቢላዋዬን እንደ አርበኛ ጨብጬ፣ ግማሽ ኪሎ ድርሻዬን እየቆረጥኩ «ሥጋ ማለት ይህቺ ናት!» ስል ኖሬያለሁ። በዓመት ሁለት ጊዜ ደግሞ የኮሶ መድኃኒት እወስዳለሁ፤ ለወዳጅነታችን የምከፍለው መዋጮ መሆኑ ነው።

«ማን አስገደደህ?» ቢሉኝ መልሴ «ማንም» ነው። ችግሩ ያለው ግን እዚያችው «ቢሉኝ» ላይ ነው።

ይሉኝታ የሚለውን ቃል ልብ ብሎ ለመረመረው፣ አወቃቀሩ ራሱ ስለ ኑሯችን ብዙ ይናገራል። ከ«ይሉኛል» የወጣ ነው፤ የግሡ ባለቤት «እነሱ» ናቸው፣ ተሳቢው ደግሞ «እኔ» ነኝ። እነሱ እነማን እንደሆኑ፣ የት እንደሚሰበሰቡ፣ ስለ እኔ ለመነጋገር ጊዜውን ከየት እንደሚያገኙ ሰዋስው አይነግረንም። በዕድሜዬ አንድም ቀን ፊት ለፊት አላገኘኋቸውም። ነገር ግን የሸሚዜን ቀለም የሚመርጡት፣ በሠርግ ላይ ስንት ሰዓት መቆየት እንዳለብኝ የሚወስኑት፣ ጠግቤ ሳለሁ የሚያስጎርሱኝ እነሱ ናቸው። ጉርሻን ካነሳሁ ዘንድ፣ አገራችን «አልፈልግም» የሚለውን ሰው የምትይዝበት «በሞቴ» የሚባል ወጥመድ እንዳላት መዘንጋት የለበትም። አንዲት እንጀራ ተጠቅልላ አፍህ ላይ ቆማ ሳለ አስጎራሹ ሕይወቱን መያዣ አድርጎ ያስቀምጣል። በአንድ ማዕድ ዙሪያ ሦስት ሰዎች ተራ በተራ ሊሞቱልኝ ዝግጁ የሆኑበት ቀን ነበር፤ ሦስቱንም አተረፍኳቸው፤ ሌሊቱን ግን እኔ ልሞት ደርሼ ነበር።

ለ«እነሱ» ስል ያልኩትን እሺ ሁሉ ብዘረዝር መጽሔቱ አይበቃም። 9 ጊዜ ሚዜ ሆኛለሁ፤ ከሙሽሮቹ አንዱን ያገኘሁት ከሠርጉ በፊት ሁለት ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ በሁለተኛው ጊዜ ስሙን ለማስታወስ ስታገል ነበር የጠየቀኝ። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ለአንድ ባልደረባዬ ብድር ዋስ ሆኜ፣ ሰውየው መክፈል ሲያቆም ከደመወዜ ለ14 ወር ተቆርጧል። ይባስ ብሎ ሰውየው ከእኔ በላይ ይሉኝተኛ ኖሮ፣ ዓይኔን ማየት አፍሮ መንገድ መቀየር ጀመረ። አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ድንገት ብንገጣጠም የደነገጥኩት እኔ ነኝ፤ እንዳያፍር ብዬ ወደ ሴቶች መጸዳጃ ቤት ገባሁ።

ከውጭ ለሚያየኝ ሰው እንግዲህ «እንዴት ያለ ጨዋ ነው!» የምባል ነበርኩ። የይሉኝተኛ እሺታ ግን እንደሚመስለው ስጦታ አይደለም፤ ብድር ነው፤ ልዩነቱ ተበዳሪው መበደሩን አለማወቁ ብቻ ነው። እኔ እሺ ባልኩ ቁጥር በልቤ አንድ መስመር እጽፋለሁ፤ ወለዱን በየቀኑ አሰላለሁ፤ የመክፈያውን ቀን ለብቻዬ እወስናለሁ፤ ያ ቀን ደርሶ ሰውየው ሳይከፍል ሲቀር ደግሞ ከሳሽም፣ ምስክርም፣ ዳኛም ሆኜ እፈርድበታለሁ።

በልቤ አልኩ እንጂ ቦታው ሆድ ነው። ቋንቋችን ስሜትን የሚያከማቸው ሆድ ውስጥ ነው፤ የሚታገሠው ሆደ ሰፊ፣ ቶሎ የሚከፋው ሆደ ባሻ ይባላል፣ የማይነገረውንም «ሆድ ይፍጀው» እንላለን። የእኔ ሆድ በየሳምንቱ ግማሽ ኪሎ ጥሬ ሥጋና አንድ ኪሎ ጥሬ ቅሬታ ይቀበል ነበር፤ ሁለቱም ሳይበስሉ የገቡ ስለሆኑ ሁለቱም ትል አፈሩ። ለአንደኛው መድኃኒት ቤት መድኃኒት ነበረው።

ሆዱ የሞላ ይሉኝተኛ የሚያውቀው አንድ መውጫ ኩርፊያ ነው። እምቢ ማለት የማይችል ሰው በአፉ ያልተናገረውን እምቢታ በጀርባው ይናገረዋል። እኔ ሳኮርፍ ጮኬ አላውቅም፤ እጠፋለሁ። ስልኬን ዘግቼ፣ ቀጠሮዬን ሰርዤ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ ሰው ሁሉ እንዲፈልገኝና እንዲያጣኝ እጠብቃለሁ። ሲፈልጉኝ «አሁን ገና ትዝ አልኳቸው?» እላለሁ፤ ካልፈለጉኝም «ይኸው!» እላለሁ። ከሁለቱ በየትኛውም መንገድ ተሸናፊ እንዳይሆን ተደርጎ የተሠራ፣ በመጨረሻ ግን ባለቤቱን ብቻውን ብርድ ልብስ ውስጥ የሚያስቀር ስልት ነው።

በቤቴ ውስጥ ኩርፊያው የራሱ ሥርዓት ነበረው። ባለቤቴ «ምን ሆነሃል?» ትለኛለች፤ እኔ «ምንም» እላለሁ። ይህች «ምንም» በአማርኛ ውስጥ ካሉት ቃላት ሁሉ የምትከብድ ናት፤ ውስጧ የሦስት ዓመት ታሪክ አለ። ከዚያ ግንኙነታችን በአማላጅ ይሆናል። ማዕድ ላይ፣ ባለቤቴ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጣ ሳለ፣ ለስምንት ዓመቱ ልጃችን «እናትህን ጨው አቀብይው በላት» እለዋለሁ፤ እሷም «አባትህን ጨው ለግፊት ጥሩ አይደለም በለው» ትላለች። ልጁ ለሁለት ሳምንት ያህል እንደ ተባበሩት መንግሥታት ልዩ መልእክተኛ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ከቆየ በኋላ አንድ ምሽት «ሁለታችሁም ትሰማላችሁ አይደል?» ብሎ ጨው መያዣውን መሀላችን አስቀምጦ ኃላፊነቱን ለቀቀ።

በዚያው ሰሞን ባለቤቴ ጤና ጣቢያ ሄዳ ስትለካ የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ተገኘ። በ2003 እ.ኤ.አ. ኤሚሊ በትለርና ባልደረቦቿ አሜሪካ ውስጥ ያሳተሙትን አንድ ጥናት ያኔ ነው ያነበብኩት። የማይተዋወቁ ሴቶች ሁለት ሁለት እየሆኑ ስሜት የሚረብሽ ፊልም አይተው እንዲወያዩበት ይደረጋል፤ ከጥንዶቹ በከፊሎቹ ውስጥ አንደኛዋ ብቻ የሚሰማትን ፊቷ ላይ እንዳታሳይ በድብቅ ትነገራለች። ምንም የማታውቀው የሌላዋ ሴት የደም ግፊት ከፍ አለ፤ ሁለቱ ሊቀራረቡም አልቻሉም። ጥናቱን ለባለቤቴ ማንበቤ ስህተት ነበር። የእሷ ግፊት ከእኔ ዝምታ ይምጣ ከጨው ሐኪም የነገረን ነገር የለም፤ እሷ ግን ፍርዷን ሰጥታ ጨውዋን መልሳለች።

ወደ ወዳጄ ልመለስ። ከ11ኛው ዓመታችን ማገባደጃ ላይ ቤት ቀየርኩ። አሳንሰር የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ቁም ሳጥን፣ አንድ ፍሪጅና ከባለቤቴ እናት የተበረከተልን፣ ማንም የማይቀመጥበት ባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋ ማውጣት ነበረብን። ወዳጄ አልመጣም። ያልመጣው ስላልነገርኩት ነው። ያልነገርኩትም ሳልነግረው እንዲያውቅ ፈልጌ ነው፤ «እኔ ብሆን ኖሮ አውቅ ነበር» እያልኩ ያንን ሶፋ በየደረጃው ላይ አስቀምጬ ሳርፍ፣ በየፎቁ አንድ አንድ ክስ መሠረትኩበት። አራተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ወዳጅነታችን አልቆ ነበር።

ሆኖም ከዚያ በኋላ ሁለት ቅዳሜ አብሬው ቁርጥ በላሁ። እየበሉ ማኩረፍ እጅግ አድካሚ ሥራ ነው። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ስልኬን ዘጋሁና ለሁለት ወር ጠፋሁ።

ጳጉሜ ገባች። ዓመቱ ቂም ይዞ እንዳይለወጥ ሰው ሁሉ የሚታረቅባት አጭር ወር ናትና ወዳጄ ቤቴ ድረስ መጣ። ቀኑ ረቡዕ ነበር፤ ስለዚህ ሥጋ የለም። ወጥተን አንዲት ጠባብ ሽሮ ቤት ገባን፤ ሸክላው እየተንተከተከ ቀረበ። በይሉኝታ ሳይሆን በእውነተኛ ረሃብ፣ ሳልናገር፣ ሳላመሰግን፣ እጄን ከመሶቡ ሳላነሳ በላሁ።

«እንዲህ ስትበላ አይቼህ አላውቅም» አለኝ።

ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ምናልባት ሽሮው ነው። «ቁርጥ አልወድም» አልኩት። «ወድጄም አላውቅም። ደግሞ ቤት ስቀይር ስላልመጣህ ቅር ብሎኛል።» በአንድ ትንፋሽ ሁለት እውነት መናገሬ ነበር፤ ለጀማሪ ይበዛል።

ወዳጄ ሊያጎርሰኝ የጠቀለላትን እንጀራ ወደ መሶቡ መለሳት። 11 ዓመት ወደ መሶቡ የተመለሰ መሰለኝ። ረጅም ጊዜ ዝም አለና «እኔም» አለኝ።

«ምን እኔም?»

«እኔም አልወድም።»

ነገሩ ሲጣራ እንዲህ ሆነ። ከ11 ዓመት በፊት በዚያች ሉካንዳ በር ስናልፍ፣ ጨዋታ ቢጠፋብኝ ጊዜ የተሰቀለውን ብልት አይቼ «ሥጋው ያምራል» ብዬ ነበር። እሱም ደግሞ «አማረው፤ ለመጠየቅ ግን አፍሮ ነው» ብሎ አስቦ «ግባ እንቅመስ» አለኝ። እኔም «ጓጉቷል፤ አላሳፍረውም» ብዬ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ እኔ እሱን፣ እሱ እኔን እያስደሰትን፣ ከ400 የሚበልጡ ቅዳሜዎችን በሥቃይ አሳለፍን። ሁዳዴ ሲገባ ፊቴ ለምን እንደሚበራ ጠየቀኝ፤ እውነቱን ነገርኩት፤ 55ቱን ቀን የምናፍቀው ስለ ጽድቅ ሳይሆን ውስጡ ስምንት ቅዳሜዎች ስላሉ ነበር። እሱ ደግሞ ከሁለት ዓመት ወዲህ ጾመ ነቢያትንም ሙሉ መጾም የጀመረው ለዚሁ ነበር፤ እናቱ ልጄ ወደ መንፈሳዊነት አደላ ብለው ስለት አስገብተዋል።

ለካ ይህ በሽታ የእኛ ብቻ አይደለም። ጄሪ ሃርቬይ የተባሉ አሜሪካዊ የአመራር ምሁር በ1974 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን ቤተሰብ ታሪክ ጽፈዋል። ቴክሳስ ውስጥ 40 ዲግሪ በሚያቃጥል ቀን፣ ቀዝቃዛ አየር በሌለው መኪና፣ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው አቢሊን የምትባል ከተማ ምሳ በሉ። ምሳው መጥፎ ነበር። ደክመው፣ አቧራ ለብሰው ከተመለሱ በኋላ አራቱም መሄድ እንዳልፈለጉ ታወቀ፤ ሐሳቡን ያነሱት አማት እንኳ ሰው የሰለቸው መስሏቸው ነበር። ነገሩ በዓለም ዙሪያ በድርጅት አመራር ትምህርት ውስጥ ምሳሌ ሆኗል። እነሱ ግን የሄዱት አንድ ቀን ነው።

እዚህ ላይ ለይሉኝታ ጥብቅና መቆሜ ተገቢ ነው። ከእንቅልፍህ ተነስተህ ለቅሶ የሚያደርስህ፣ የእድሩን ድንኳን የሚያስተክልህ፣ የታመመ ጎረቤት የሚያስጠይቅህ ፍላጎት ብቻ ቢሆን ኖሮ ስንቱ ሐዘንተኛ ብቻውን ባለቀሰ ነበር። ከይሉኝታ ቢስ ጋር ከመጎራበት ከይሉኝተኛ ጋር ቁርጥ መብላት ይሻላል። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው፤ ወዳጄ ለ11 ዓመት አብሮት የበላው ሰው እኔ አልነበርኩም፤ እሱን ለማስደሰት የላክሁት ተወካዬ ነበር። እኔም የበላሁት ከእሱ ተወካይ ጋር ነው። ሁለቱ ተወካዮች ጥሩ ይግባቡ ነበር፤ እኛ ግን የተዋወቅነው ጳጉሜ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ እምቢን እለማመዳለሁ፤ ውጤቱ ግን የተደባለቀ ነው። የመጀመሪያውን እምቢ ያልኩት ለአንድ የአክስቴ ልጅ ሲሆን፣ የሠርግ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሁን ቢለኝ «አልችልም» አልኩት፤ ከዚያ ግን ሰበብ ሳልሰጥ ብቀር ደንግጬ፣ ሳይጠይቀኝ የሌለ የወገብ ሕመም ጨመርኩበት። አሁን ቤተ ዘመድ በሙሉ የወጌሻ ስልክ ይልክልኛል። ለ10ኛ ጊዜ ሚዜ እንድሆን ጠይቆኝ እምቢ ያልኩት አንድ ልጅ ደግሞ አኩርፎኛል፤ ስልኩን ዘግቷል፤ የት እንዳለ ግን ስለማውቅ፣ ብርድ ልብሱ ውስጥ ማለቴ ነው፣ ሄጄ አንኳኳለሁ ብዬ አስቤያለሁ። ባለቤቴ «ምን ሆነሃል?» ስትለኝ አሁን የሆንኩትን እነግራታለሁ። መጀመሪያ ላይ ደስ ብሏት ነበር፤ ሦስት ሳምንት ሲሆነን «ዛሬ እንኳ ምንም ብትለኝ ምን አለበት?» ብላኛለች።

ከወዳጄ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ሽሮ እንበላለን። ባለፈው ሳምንት ስለ ሥራው ሲያማርር «ይህን ወሬ ሰባት ጊዜ ሰማሁት» አልኩት፤ ተቆጣና ስምንተኛ ጊዜ ነገረኝ፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት።

የሚቀረን አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ሽሮ ቤቷ የምትገኘው ከሉካንዳው ጥቂት በሮች አለፍ ብላ ነው። ባለ ሉካንዳው በየቅዳሜው መስኮቱ አጠገብ ያለችውን ጠረጴዛ ጠርጎ፣ ሁለት ቢላዋ ስሎ፣ ከሻኛው አንስቶ ደህና ደህናውን ለእኛ አስቀርቶ «ጋሼዎቼ ዛሬም ቀሩ?» እያለ አላፊ አግዳሚውን እንደሚጠይቅ ሰምተናል። ሄደን እውነቱን ልንነግረው ሁለት ጊዜ ወስነን ሁለት ጊዜ በሩ ላይ ሐሳባችንን ቀይረናል። ስለዚህ ለጊዜው ወዳጄና እኔ ከመኪና መንገዱ እንወርድና፣ በጀርባ በኩል ባለው ጭቃማ ቅያስ አንገታችንን ደፍተን ዞረን፣ ሽሮ ቤቷን በጓዳ በር እንገባለን።