ክርክር፦ ለኮትሊን አፕ ኮይን ይበቃል?

የመከራከሪያው ሐሳብ፦ «የኮትሊን አፕ የሚሠራ ቡድን ሂልትን ትቶ ቀለል ያለውን ኮይን ቢይዝ ይሻለዋል።» (ኮትሊን የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ ሂልትና ኮይን ደግሞ ለአፑ ክፍሎች የሚያስፈልጋቸውን ነገር የሚያቀብሉ፣ ማለትም ዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን የሚሠሩ መሣሪያዎች ናቸው።)

ደጋፊ፦ ዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን ስሙ ያስፈራል እንጂ ሥራው ቀላል ነው። አንድ ክላስ (የኮድ ክፍል) ዳታቤዝ ካስፈለገው ራሱ አይፈጥርም፤ ክላሱ ሲፈጠር በኮንስትራክተሩ በኩል ይሰጠዋል። በቃ። ለዚህ ብለን ስንት የሂልት አኖቴሽን (ኮዱ ላይ የሚለጠፍ ምልክት) መሸምደድ አለብን? ኮይን ላይ ምኑ እንዴት እንደሚፈጠር የሚዘረዝር አንድ ሞጁል ትጽፋለህ። አንዴ ብቻ የሚፈጠረውን «ሲንግል»፣ በተጠየቀ ቁጥር አዲስ የሚሆነውን «ፋክተሪ» ትለዋለህ። ሁሉም ተራ ኮትሊን ስለሆነ ጀማሪም አንብቦ ይረዳዋል። ቢልድ ላይ፣ ማለትም ኮዱ ወደ አፕ ሲቀየር፣ የሚመነጭ ኮድ የለም። ሂልትን በካፕት፣ አኖቴሽን አንብቦ ኮድ ለማመንጨት በሚያገለግለው የቆየ መሣሪያ፣ ያስኬደ ሰው የዚህን ጥቅም ያውቀዋል፤ አንዲት መስመር ነካክቶ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው።

ተቃዋሚ፦ የካፕቱ ወሬ አርጅቷል ወዳጄ። ዳገር ከ2023 ጀምሮ ከካፕት የሚፈጥነውን ኬኤስፒን ይደግፋል፤ ሂልት ደግሞ የተሠራው በዳገር ላይ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ስህተቱ መቼ ይታያል የሚለው ነው። ሪፖዚተሪውን፣ ዳታ የሚያመጣውን ክላስ፣ ማስመዝገብ ረሳሁ እንበል። ሂልት ቢልዱን ያቆመዋል። ምን እንደጎደለና የትኛው ክላስ እንደፈለገው ይነግረኛል። መልእክቱ ረጅምና አስቀያሚ ነው፣ እሱን አልክድም። ኮይን ግን ዝም ይላል። አፑ ይከፈታል፣ መነሻ ገጹ ይሠራል፣ ሁሉም ሰላም ነው። ከዚያ አንዱ ተጠቃሚ ብዙ ሰው የማይነካውን የሴቲንግ ገጽ ሲከፍት ክራሽ!

ሥራውን አፑ እስኪሠራ የማቆየትን መንገድ ሌሎችም ሞክረውታል። ስኩዌር የተባለው ኩባንያ በ2012 ያወጣው የመጀመሪያው ዳገር በከፊል በሪፍሌክሽን፣ ማለትም አፑ እየሠራ ክላሶቹን በመመርመር፣ ይሠራ ነበር። ጉግል የተረከበው ዳገር 2 ግን ሪፍሌክሽኑን ጥሎ ሙሉ በሙሉ ወደ ኮድ ማመንጨት ሄደ። ለጨዋታ አይደለም። እና ደግሞ ኮይን ሲጀመር ኢንጀክሽን ነው እንዴ? ክላሱ ራሱ ሄዶ «ስጠኝ» ካለ ይሄ ሰርቪስ ሎኬተር ነው።

ደጋፊ፦ «ስጠኝ» የሚለው ሞጁሉ ነው እንጂ ክላሱ አይደለም። ሪፖዚተሪዬ በኮንስትራክተሩ ይቀበላል፤ ኮይን የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ አያውቅም። ቴስት ላይ የውሸት ዳታቤዝ ሰጥቼው በእጄ እፈጥረዋለሁ፣ ያለ ኮይን።

ስለ ክራሹ ደግሞ «ቬሪፋይ» የሚባል ፈንክሽን አለ። ሞጁሉን በአንድ አጭር ቴስት ታስፈትሸዋለህ። የአንድ ክላስ ኮንስትራክተር የሚፈልገው ነገር ካልተመዘገበ ቴስቱ ይወድቃል። ስህተቱ ተጠቃሚው ዘንድ ሳይደርስ ሲአይ ላይ፣ ቴስቶች በራሳቸው በሚሮጡበት፣ ይያዛል። ይልቅ አንተ የዘለልከው ነገር አለ። ሂልት ከአንድሮይድ አይወጣም። ያንኑ ኮድ ለአይኦኤስም በኮትሊን መልቲፕላትፎርም ማውጣት ብፈልግ ምን ትለኛለህ?

ተቃዋሚ፦ እዚያ ላይ ምንም አልልህም፤ ሂልት እዚያ የለም።

ቬሪፋይ ግን ያልከውን ያህል አያይም። የሚያነበው የተመዘገቡትን ክላሶች ኮንስትራክተር ነው። አክቲቪቲ ውስጥ፣ አንድሮይድ ራሱ በሚፈጥረው የአፑ መስኮት፣ «ባይ ኢንጀክት» ብለህ የጠየቅከውን ከየት ያውቀዋል? አክቲቪቲው ሞጁል ውስጥ የለም። በኮምፓይል ጊዜ የሚፈትሽ የኮይን አኖቴሽን አለ እንዳትለኝ። እሱ በኬኤስፒ ነው የሚሠራው። ከአኖቴሽንና ከኮድ ማመንጨት ሸሽተህ፣ ዞረህ እዚያው መግባት ነው የሚሆነው።

ደጋፊ፦ ልልህ ነበር፣ ቀደምከኝ። ግን ልዩነት አለው፤ የኮይኑን አኖቴሽን የፈለገ ይጨምረዋል፣ ያልፈለገ ይተወዋል። ሂልት ላይ ያ ምርጫ የለህም። አክቲቪቲውም ቢሆን በኮምፖዝ፣ ገጾችን በኮትሊን መሥሪያው፣ ለሚሠራ አፕ ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ ነው። አፑ እንደተከፈተ ስለሚሠራ ጉድለቱ ወዲያው ይታያል። የሚቀረው ቀዳዳ ቪውሞዴሉን፣ የገጹን ዳታ የሚይዘውን ክላስ፣ ራሱን ማስመዝገብ መርሳት ነው። እሱም ገጹን የጻፈው ሰው መጀመሪያ ሲከፍተው ይጋለጣል።

ተቃዋሚ፦ ገጹ ሲጻፍ፣ አዎ። ከዓመት በኋላ ሌላ ሰው መጥቶ ሞጁሉን ለሁለት ሲከፍለውና አንዷን መስመር ሲጥላትስ? ያኔ ያንን ገጽ የሚከፍተው ማን ነው?